አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ካርዶች

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደሩፋኤል፣ ዱባይ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የሰው አገር አየር ይስማማህ፤ ሥራህን የባረከልህ አምላክ ከክፉ ሰውም ከክፉ ቀንም ይሰውርህ። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያንን ዘለልኩት።

ልጄ አምሀ መሞቱን ከእናትህ ከንጋቷ ሰምተሃል። እንዴት እንደሞተ ግን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ወሬውን እየለዋወጠ ያወራዋል፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ቀኝ ክንዴ ተወግቶ ገና አልዳነም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ታግሠህ አንብበኝ።

ቢሌ የሚባል የቱሊ ጉሌድ ከተማ ልጅ አለ። ሰርግ እየቀረጸ ፊልም የሚያዘጋጅ ነው። መጀመሪያ ወደ አምሀ የኮምፒውተር ሱቅ እየመጣ በትልቁ ዴስክቶፕ ላይ ነበር የሚሠራው። በዚያ ዴስክቶፕ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ምስሉን ፈጥኖ ሲያወጣለት አይቶ፣ ይዞት የሚዞር ላፕቶፕ እንዲያስመጣለት አምሀን ለመነው። «ካርዱ ግን ከዚህ እንዳያንስ» አለ። አንተ ላፕቶፑን የላክኸው ያኔ ነው። ቢሌ ቤቴ በልቷል፤ «ኤዶ» ነበር የሚለኝ፣ በቋንቋቸው አክስቴ ማለቱ ነው።

ያን ቀን ለአምሀ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ዴስክቶፑ ጎኑ ተከፍቶ እየሠራ ነበር፤ አምሀ ማራገቢያው ለምን እንደሚንኳኳ ጎንበስ ብሎ ያያል። ቢሌ ከኋላዬ ገባ። ሰላም አላለኝም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ካርዱን መልስ» አለው።

«የምን ካርድ?»

«የከፈልኩበትን! አውጥተህ ሌላ ጨምረህበታል። ከዚህ ዴስክቶፕ ላይ ስትነቅል በዓይኔ አይቻለሁ፤ እንደ መሳቢያ ነው የምትስበው።»

«ቢሌ፣ ከላፕቶፕ አይነቀልም። ቁጭ በልና ስማኝ።»

«ቁጭ ብዬ ነበር እኮ! ሐርተሼክ፣ ሰርጉ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ጋለ። አጎቷ በሰው ፊት በጫማ መታኝ፤ ሰማህ? በጫማ!»

አምሀ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ልጄ ሲጨንቀው ይስቃል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ቢሌ ይህን አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣና ከአንገቱ ሥር ሰካው። መልሶ ሲያነሣው እጁን ያዝኩት፤ ያኔ ነው ክንዴን የወጋኝ። ከዚያም ደረቱን። አምሀ በተከፈተው ኮምፒውተር ላይ ወደቀ። ማራገቢያው ይዞር ስለነበር ደሙን ግድግዳው ላይ፣ ፊቴ ላይ ረጨው። ልጄ ሲሞት የሰማሁት የማራገቢያውን ድምፅ ነው።

ቢሌ አልሸሸም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፖሊስ እስኪመጣ ጮኸ፤ አሁን ታስሯል። ግን በዚህ አላበቃም። ተሜ ከወንድሙ ቀብር መልስ በቀጥታ መናኸሪያ ሄዶ የቢሌን ወንድም ዐብዱልቃድርን አገኘው። በመኪና ጎማ መፍቻ አፉን መታው፤ ጥርሶቹን አረገፋቸው። ሰው ባይደርስ ይገድለው ነበር። «አንዱን ወስደዋል፣ አንዱን እወስዳለሁ» ይላል። ቀን መኪናውን ይነዳል፤ ማታ ከእኔ ጋር ቃል አይለዋወጥም።

የእነሱ ሽማግሌዎች መልእክት ልከዋል። ማግ የሚሉትን የደም ካሳ ከፍለው በዕርቅ መጨረስ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ከእነሱ መካከል «መግደሉንስ ገድሏል፤ ያኛውም ካርዱን ሰርቆታል» የሚሉ አሉ። ተሜ ይህን ሰምቷል። «ወንድሜ ሌባ እንዳልነበረ በሰው ፊት ከተናገሩ እቀመጣለሁ፤ ካልተናገሩ አልቀመጥም» ብሏል።

ልጄ፣ አንዱን ልጄን ቀብሬአለሁ። የቀረኝ ተሜ ነው፤ እሱን ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ማየት አልችልም። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው፦ የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ካርድ ልዩነቱ ምን እንደሆነ፣ ከላፕቶፑ ውስጥም አውጥቶ መለወጥ ይቻል እንደሆነ ጻፍልኝ። ዕቃው ከእጅህ ሲወጣ በውስጡ ምን እንደነበረ የምታውቀው አንተ ነህ።

ይህን ደብዳቤ ለንግድ የምትመላለሰው ጎረቤታችን ኢልሀም ታደርስልሃለች። ስልኩ ተሜ እጅ ስለሆነ አልደወልኩም።

አክስትህ ካሳነሽ

*

ዱባይ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት እትዬ ካሳነሽ፤

እግዚአብሔር የአምሀን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእርስዎም የመጽናናትን ኃይል ይስጥዎ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ እህል አልቀመስኩም። አብሮ አደጌ ነበር። ከእኔ ጋር ያወራው የነበረውን ጨዋታ ሁሉ እያስታወስኩ ሥራ ቦታ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ።

ለአርባው የሚሆን ትንሽ ነገር በኢልሀም እጅ ልኬአለሁ። ጥቁር ሻሽም አለበት። ክንድዎን ሐኪም ይየው፤ ቸል አይበሉት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ላፕቶፑ ከማን እንደመጣ ለሽማግሌዎቹ ተነግሯል? ካልተነገረ ባይነገር ይሻላል እላለሁ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በምንሸጥበት ሱቅ አብዛኞቹ የቢሌ ወገኖች ናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የምንሠራው፤ በአንድ ሳህን ነው የምንበላው። ስሜ ከተነሣ እዚህ መቀመጥ አልችልም። ይህን ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

ተሜን ይሳሙልኝ። ወጣት ነው፣ ጊዜ ያበርደዋል።

ልጅዎ ወልደሩፋኤል

*

ጅግጅጋ፣ ጥር 13 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደሩፋኤል፤

የጥምቀቱ በረከት አይለይህ፤ የበረሃው ፀሐይ አይጉዳህ። የላክኸው ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። የጠየቅሁህ ግን አልደረሰኝም። ደብዳቤህን አገላብጬ ፈለግሁ፤ ስለ ካርዱ አንድም ቃል የለበትም።

ስምህን በተመለከተ፣ ላፕቶፑ ዱባይ ካለ ዘመዳችን እንደመጣ ቢሌ ራሱ ለፖሊስ ተናግሯል። እኔ ብደብቅህም የሚደበቅ አይደለም።

ጊዜ ያበርደዋል ያልከው ተሜ አልበረደም። ባለፈው ሳምንት የአምሀን ሱቅ ሰው አቃጠለው። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ዴስክቶፑንና የቢሌን ላፕቶፕ ቀደም ብዬ ወደ ቤት ስላመጣኋቸው ተረፉ፤ ሌላው ሁሉ አመድ ሆነ። ተሜ አመዱን በእግሩ ሲበትን ዋለ። በማግስቱ በቱሊ ጉሌድ መንገድ ላይ ዐብዱልቃድርን በሞተር ሲሄድ አየውና ጭነት መኪናውን ነዳበት። ልጁ ዘሎ ቦይ ውስጥ ወደቀ፤ እግሩ ተሰበረ። ተሜ መኪናውን ወደ ኋላ መልሶ ሊደግመው ሲል ረዳቱ መሪውን ይዞ ታገለው፤ የረዳቱንም ፊት በቡጢ አደማው። እንዲህ ያለውን ነገር ማታ እራት ሲበላ ነገረኝ፤ እንደ ሥራ ውሎ ነው የነገረኝ።

በሦስተኛው ቀን ዑባህ መጣች። የቢሌና የዐብዱልቃድር እናት ናት። ብቻዋን ነበረች። በሩን ስከፍት አወቅኋት፤ ገበያ ላይ ወተት ስትሸጥ አያታለሁ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ያለችኝን እንዳለችው እጽፍልሃለሁ።

«ካሳነሽ፣ ልጄ እግሩ ተሰብሯል» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«የኔ ልጅ አፈር ውስጥ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ አበዮ» አለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። « ቢሌን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ልክድሽ አልመጣሁም። አንዱ እስር ቤት ነው። ይሄን ደግሞ ልጅሽ ከገደለው ወንድሞቼ ዝም አይሉም፤ ልጅሽን ይገድላሉ። ከዚያ ማን ቀረ? አንቺና እኔ። ተቀምጠን እንተያይ?»

«ተሜ የሚለው አንድ ነገር ነው። ወንድሜ ሌባ አልነበረም ይበሉኝ ነው የሚለው።»

«እኔ አሁን ልበል? አልነበረም! ዋላህ አልነበረም። ግን የኔ ቃል የሽማግሌ ቃል አይደለም፤ ማን ይሰማኛል?»

ውኃ ሰጠኋት። ጠጣች። ስትወጣ ተሜ በር ላይ ገጠማት። ዓይኗን እያየ «ሌላም ልጅ አለሽ እንዴ?» አላት። እሷ በቀስታ አልፋው ሄደች። እኔ ግን ያን ቃል ስሰማ ልጄን ፈራሁት። የወለድኩትን ልጅ ፈራሁት ስልህ ታውቀዋለህ ብዬ ነው።

ይሁን የሚባለው የአምሀ ጓደኛ፣ የኮምፒውተር መምህሩ፣ ለሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። «አንተ የሟቹ ጓደኛ ነህ፤ ከእናቱ ቤት ትበላለህ» አሉት። የሚቀበሉት የላከውን ሰው ቃል ነው፤ ዕቃው ከእጁ ሲወጣ ምን እንደነበረ እሱ ይመስክር አሉ። እኛ እንዳንጨምርበት፣ እነሱም እንዳይቀንሱበት፣ ደብዳቤው ታሽጎ መጥቶ በሁለቱም ወገን ፊት ይከፈት ብለዋል። እኔም ሳላነበው ማለት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ተለውጧል። ለእኔ አትጻፍ፤ ለእነሱ ጻፍ፣ አሽገህም ላክ።

ካሳነሽ

*

ዱባይ፣ የካቲት 29 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእትዬ ካሳነሽ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? በዚህ ዕድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጹሙ፤ ንስሐ አባትዎም ይፈቅዱልዎታል።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ኢልሀም ስትመጣ ሌላ ከተማ ሄጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር መኖሪያዬንም ስልኬንም ቀይሬአለሁ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና «የጅግጅጋው ላፕቶፕ ያንተ ነበር አሉ?» አለኝ። ስቆ ነው ያለኝ፤ እጁን ግን ቶሎ አላነሣውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን አልሄድም።

የካርድ ዓይነት ብዙ ነው እትዬ። በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ይሁን ጎበዝ ልጅ ነው፤ ደጋግሞ ቢያስረዳቸው ይረዱታል። ደግሞ ተሜ የምሥክር ወረቀት ስለመጣ ብቻ ልቡ የሚመለስ ይመስልዎታል? እኔ እንጃ። ተሜ ስለ እኔ የሚለው ነገር አለ?

ለፋሲካ የሚሆን ጥቂት ነገር በኢልሀም በኩል ይደርስዎታል።

ወልደሩፋኤል

*

ጅግጅጋ፣ መጋቢት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.

ወልደሩፋኤል፤

የላክኸውን ለኢልሀም መልሼላታለሁ። የፋሲካ ገንዘብ አልጠየቅሁህም።

ያልጻፍኩልህን አሁን እጽፋለሁ። አምሀ ከአንተ ጋር ስለ ላፕቶፑ ሲነጋገር እኔ እዚያው ሱቁ ውስጥ ክር እየፈተልኩ ነበር። እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

«ወልዴ፣ ሰውዬው እኮ የዚህን ዴስክቶፕ አቅም ነው የሚፈልገው። የላፕቶፑ እንደዚህ ይሠራል?» አለህ።

«ቁጥሩ አራት መቶ ስልሳ አይደል? ያንተስ? አራት መቶ ስልሳ። በቃ አንድ ናቸው በለው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንተ ደግሞ! ዱባይ ያለሁት እኔ ነኝ አንተ? ስንት ወር ተቀምጦብኛል፣ አሻሽጠኝ ባክህ!»

ሁለታችሁም ሳቃችሁ። እኔም አብሬአችሁ ሳቅሁ፤ ምን እንደሚያስቅ ባላውቅም ልጄ ሲስቅ እስቃለሁ። አምሀ ለቢሌ «አንድ ናቸው» ያለው አንተን አምኖ ነው።

ይህን ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አውቃለሁ። ለተሜ አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ቁጭ ብለህ አስብ። ተሜ የሚፈልገው ሰው ነው። አሁን ዓይኑ ያለው ዐብዱልቃድር ላይ ነው። ከእሱ ላይ ባነሣው ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሽጉጥ ይዞ ወደ ዑባህ ቤት ሄደ። ዐብዱልቃድር አልነበረም። የቆርቆሮ በራቸውን በጥይት በሳሳው። አንዱ ጥይት የውኃ በርሜላቸውን በስቶ ዑባህ እግር ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ የእሷ ወንድሞች በመንገዳችን ጫፍ መኪና አቁመው ይቀመጣሉ። ተሜ ሲወጣ በመስኮት ያዩታል፤ እሱም ቆሞ ያያቸዋል። ሲመለስ በበሩ ሥር እግሩን ሳላይ አልከፍትም።

ሽማግሌዎቹ መጨረሻ ቀን ቆርጠዋል። ከሆሣዕና በፊት ደብዳቤው ካልደረሰ እጃቸውን ያነሣሉ። እነሱ እጃቸውን ካነሡ ሁለቱም ወገን የፈለገውን ያደርጋል፤ እኔና ዑባህም የሚሆነውን እናያለን።

ጻፍ። ስለ ካርዱ ግን ብቻ ጻፍ። ትልቁ እንዲህ ነው፣ ትንሹ እንዲህ ነው፣ አይነቀልም፣ አምሀ አልነካውም በል፤ በዚያ ጨርስ። በስልክ ያልከውን አትጻፍ። ለአንተ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ለተሜም ብዬ ነው። በልጅነትህ ያዘልኩህ ሴት የምለምንህ ይህን ነው፦ ስለ ራስህ ዝም በል።

ካሳነሽ

*

ዱባይ፣ መጋቢት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ለሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፤ ለዕርቅ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ዕድሜው ይርዘም። ስሜ ወልደሩፋኤል ነው። ላፕቶፑን የላክሁት እኔ ነኝ። ይህ ደብዳቤ እናንተ ፊት እንደሚከፈት አውቄ ጽፌዋለሁ።

የዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ክንድ የሚያክል ሰሌዳ ነው። የራሱ ማራገቢያ፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ አለው። በቀዳዳው ይሰካል፣ ብሎኑ ሲፈታ ይነቀላል። ቢሌ አምሀ ሲነቅል ያየው እውነት ነው።

የላፕቶፑ ግን ካርድ ይባላል እንጂ ካርድ አይደለም። የጣት ጥፍር ከፍ ቢል የምታክል ጥቁር ቁራጭ ናት፤ ዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይዳለች። የሚፈታ ብሎን የላትም። እኔ በላክሁት ላፕቶፕ ውስጥ እሷ ነበረች፤ ዛሬም ያለችው እሷ ናት። አውጥቶ ሌላ የሚከት ሰው በጅግጅጋ የለም፤ ዱባይም ብትሄዱ ሰሌዳውን በሙሉ ለውጠው እንጂ እሷን ነቅለው አይሰጧችሁም። ይሁን ሁለቱንም ፊታችሁ ይክፈታቸው፤ በዓይናችሁ እዩ፣ በእጃችሁም ንኩ።

ታዲያ ለምን አልሠራም? ሠሪዎቹ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ስለሰጧቸው ነው፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። አይሱዙና ባጃጅ አንድ ዓይነት ታርጋ ቢለጠፍባቸው ጭነታቸው እኩል አይሆንም። ትልቁ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ትንሿ ብትበላ ላፕቶፑ ይቃጠል ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው አቅሟን ቀንሰው ነው የሚሠሯት፤ ትልቁ የሚሠራውን ግማሹን ብትሠራ ነው። ሙቀት ሲበዛባት ደግሞ እንዳትቃጠል ብላ ከዚያም በታች ትወርዳለች። የሐርተሼኩ ሰርግ ቀን የሆነው ይህ ነው። ቢሌም አልዋሸም፤ ላፕቶፑ በእርግጥ ከዴስክቶፑ በታች ነበር። ማንም ሳይሰርቀው።

እዚህ ላይ ጨርስ ተብዬ ነበር። አልቻልኩም። እኔ ዕለት ተዕለት የምሸጠው ይህንን ነው፤ ልዩነቱን አውቅ ነበር። አምሀ ይህ ካርድ እንደዚያኛው ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዕቃው ብዙ ጊዜ ስለተቀመጠብኝ «አንድ ናቸው በለው» አልኩት። አምሀ አመነኝ፣ ቢሌም አምሀን አመነው። በመካከላቸው የዋሸ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። የአምሀ ስም ጨርሶ የሚነጻው ይህ ከተነገረ ነው ብዬ አምናለሁ።

እትዬ ካሳነሽ፣ እዚያ ተቀምጠው እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። ያሉኝን ባለመስማቴ ይቅር ይበሉኝ። ተሜ ወንድሜ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ጅግጅጋ እገባለሁ። ፊትህ ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። የፈለግኸውን በለኝ።

ወልደሩፋኤል

*

ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደሩፋኤል፤

የሕማማቱ ጌታ ከፊትህም ከኋላህም ይሁን። ይህን ምርቃት እንደ ወትሮው ለመክፈቻ ብዬ አልጻፍኩትም። ልቤ እየለመነ ጽፌዋለሁ።

ደብዳቤህ በቀኑ ደርሶ ነበር። ኢልሀም ታሽጎ እንደመጣ ለሽማግሌዎቹ ሰጠቻቸው። የተቀመጥነው ቱሊ ጉሌድ፣ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። የዑባህ ወንድሞች በቀኝ፣ እኛ በግራ፣ ሽማግሌዎቹ በጥቁር ሰሌዳው በኩል። መግቢያው ላይ ሁሉም መሣሪያውን እንዲያስቀምጥ ተደረገ፤ ተሜም ሽጉጡን አስቀመጠ።

ሳሚያ የምትባል መምህርት ደብዳቤውን በአማርኛ እያነበበች ወደ ሶማልኛ ትመልሰው ነበር። ስለ ካርዱ ያለው ሲነበብ ይሁን ሁለቱን ኮምፒውተሮች ከፈታቸው። መጀመሪያ ላፕቶፑን። አንዱ ሽማግሌ ያቺን ጥቁር ቁራጭ በጥፍሩ ሊነቅላት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሳቀና ለሌላው አቀበለው። ሁሉም እየሞከሩ ተቀባበሉት። ከዚያ ይሁን የዴስክቶፑን ካርድ ነቅሎ አወጣ። የአምሀ ደም በማራገቢያው ክንፎች ላይ ደርቆ ጠቁሮ ነበር። እኔ አጥቤው አላውቅም። ሽማግሌው ሊይዘው እጁን ዘርግቶ አየውና መልሶ ሰበሰበው። የቢሌ አባት በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ሳሚያ የመጨረሻውን ስታነብ ድምፅዋ ቀዘቀዘ። ሁለቴ ቆማ ወደ እኔ አየች። አንብቢ አልኳት፤ ምን ልበል?

ስትጨርስ የቢሌ አባት ተነሣ። «ልጁ ሌባ አልነበረም። ልጄ የገደለው ንጹሕ ሰው ነው። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ በኋላ ሌላ የሚያወራ የኔ ወገን አይደለም» አለ። ዐብዱልቃድር በክራንች እየተደገፈ መጥቶ ለተሜ እጁን ዘረጋ። አፉ ሲከፈት የረገፉት ጥርሶቹ ይታያሉ። ተሜ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው፤ አቀፈውም። ሴቶቹ እልል አሉ። ዑባህ መጥታ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ግን በትከሻዋ ላይ ተሜን እያየሁት ነበር።

ወደ ሳሚያ ሄዶ «ያን የመጨረሻውን ድገሚልኝ» አላት። አነበበችለት። «ለዳግማይ ትንሣኤ ነው ያለው አይደል?» አለ። አዎ አለችው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ተሜ ጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ሌላ ሞት ስለማልችል ነው ልጄ።»

«እኔኮ እስከ ዛሬ ያልሆነ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ያንን ምስኪን ልጅ እግሩን ሰበርኩት፣ ጥርሱን አረገፍኩት። የምፈልገው ሰው ግን የፋሲካ ገንዘብ እየላከልሽ ነበር።»

«ይቅርታ ጠይቆሃል።»

«ሰምቻለሁ። ሲመጣ ደግሞ በአፉ ይጠይቀኛል» አለኝ።

ሽጉጡን በማግስቱ ለባለቤቱ መለሰ። አየህ፣ ደስ ብሎኝ አምላኬን ላመሰግን ስል «ለዘመድ ሽጉጥ አያስፈልግም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ተፈቷል። እንደ ቀድሞው ያጫውተኛል፣ ይበላል፣ ይተኛል። በግ ገዝቶ ግቢ ውስጥ አስሯል። «ለወልዴ ነው፤ እኔው ነኝ የማርድለት» እያለ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይናገራል። ቢላዋውን ደግሞ ሁልጊዜ ይስለዋል። ቢላዋ ለአንድ በግ ያን ያህል አይሳልም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ብቻውን ሄዶ እንደሚቀበልህ፣ ማንም እንዳይከተለው ተናግሯል። ተው ብዬው ነበር። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። አንሥቶኝ ጉልበቴን አራገፈልኝና «አትሳቀቂ እማዬ» ብሎኝ ወጣ።

ከኢልሀም ስልክ ደወልኩ፤ አዲሱን ቁጥርህን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ነገ ስትበር ይህን ይዛልህ ትመጣለች፤ ራሷ በእጅህ ካልሰጠች እንዳትመለስ አስምያታለሁ።

አትምጣ። ለዳግማይ ትንሣኤ አትምጣ፣ ከዚያም በኋላ አትምጣ። ንጋቷ ታመመች ብለው ቢጠሩህ አትምጣ። እኔ ሞትኩ ቢሉህ አትምጣ፤ ተሜ እዚያ ቀብሬ ላይ ይቆማል። ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ፤ ትረግመኛለች፣ ትርገመኝ። እውነት በመናገርህ አልወቅስህም። የዑባህን ልጅ አድነህልኛል። አሁን ደግሞ ራስህን አድንልኝ፤ ተሜንም አድንልኝ።

ይህን ስጽፍ ተሜ ገባ። አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ለማን ነው እማዬ?» አለኝ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ለወልዴ ነው አልኩት። ወረቀቱን ሳያይ ራሴን ሳመኝ።

«ሰላም በይልኝ፤ እየጠበቅሁት እንደሆነም ጻፊለት» አለኝ።

ጽፌልሃለሁ።

ካሳነሽ